ተራው ያልደረሰው ልጅ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጎንደር ላይ ዝናቡም ምዝገባውም አብረው ይበረታሉ። ዘንድሮ ጠረጴዛችን ላይ ሁለት ቅጽ ጎን ለጎን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ከረመ። አንደኛውን የሰጠን ሴት ልጄ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ነው፤ እሷ እዚያ ስለምትማር ለወንድሟ ቅድሚያ እንሰጣለን ብለውናል። ሁለተኛው ከቤታችን ቁልቁል አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬደው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅጽ ነው። ወንዱ ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ለመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል፤ የት እንደሚገባ ግን ከአባቱ ጋር መስማማት አቅቶን ነበር።

እኔ መምህርት ነኝ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት። 11 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል። ሴት ልጄን ግን ከኬጂ ጀምሮ የግል ነው ያስገባኋት። ወርሃዊ ክፍያዋ ከሰርቪሱ ጋር የደመወዜን ሲሶ ይወስዳል። አንድ ቀን ጠዋት አውቶ ፓርኮ አካባቢ ሰርቪስ ላይ ሳሳፍራት የአንድ ተማሪዬ እናት አየችኝ፤ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ናት። የልጄን ዩኒፎርም አየች፣ እኔን አየች።

"መምህርት፣ የአንቱ ልጅ እኛ ዘንድ አይደለችም እንዴ?" አለችኝ።

ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ እውነት ገርሟት ነው። አፌ ተሳሰረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዚያች ሴት የሚሆን መልስ ስፈልግ ቆይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ክፍሌ ውስጥ 68 ልጆች ነበሩ። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ ለ68 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 35 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ስም መጥራቱን፣ ሰሌዳ ማጥፋቱን፣ "ቲቸር፣ እርሳሴን ወሰደብኝ" የሚለውን ሳንቆጥር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ተነሥቶ አንድ አንቀጽ ሊያነብ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥር ልጅ ካስነበብኩ ብዙ ነው። ተራው ዞሮ ለሁሉም እስኪዳረስ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። መጽሐፉ ደግሞ ለሦስት አንድ ነው፤ መሃል የተቀመጠው ያያል፣ ዳር ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። አገራቸው ሰላም ሲያጣ ከገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የተጠጋ ነው። ዝምተኛ፣ ደብተሩን በንጽሕና የሚይዝ። ሁለት ጊዜ ተራው ደርሶ ሳይደናቀፍ አነበበልኝ። "ይህኛውስ ደህና ነው" ብዬ በልቤ አለፍኩት። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ እያነበበ ሳለ በአጠገቡ ሳልፍ መጽሐፉን አየሁት። የተገለጠው ሌላ ገጽ ነው። ልጁ ከፊቱ የተነሡት ስምንት ልጆች ሲያነቡ ይሰማል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ የያዘውን ይወጣዋል። ከክፍል በኋላ አስቀርቼ ፊደል ገበታው ላይ "መ" የትኛዋ ናት ስለው አያውቃትም።

አልተቆጣሁትም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ጆሮና እንዲህ ያለ ልብ ያለው ልጅ አይቼ አላውቅም። እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከመስከረም እስከ ጥር በየቀኑ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ነበርን። ስሙን እጠራለሁ፣ "አቤት" ይላል፣ አቴንዳንሱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አላየሁትም ነበር።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያወራው ስለ ውኃውና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነው። እሱም እውነት ነው፤ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የጎንደር ሰው ያውቃል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር የባለ ሱቁም፣ የዳኛውም፣ የአናጢውም ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ እንደነበር ሁልጊዜ ይነግረናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በነጻ አደረገው፤ ያ ፖሊሲ ባይኖር ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹን አላገኛቸውም ነበር። በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ግን አቅም ያለን አንድ በአንድ ወጣን። ዛሬ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባ ስንጠራ የሚመጡት እናቶች ጉልታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው የመጡ ናቸው። ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ የተባለውን ይሰማሉ፣ እጅ አውጥተው "መጽሐፉ የት ደረሰ? ለምን ክፍሉ ለሁለት አይከፈልም?" ብለው አይጠይቁም። መጠየቅ የለመድነው ሰዎች ልጆቻችንን ይዘን ስንሄድ ጥያቄውንም ይዘነው ሄድን። እኔ ራሴ የሄድኩት ከእነዚያ ጋር ነው።

ይህን ስል የግሉን ትምህርት ቤት ለማማት አይደለም። ሴት ልጄ ክፍል ውስጥ ያሉት 34 ናቸው። ብታስል፣ ምሳ ዕቃዋን ሳትጨርስ ብትመልስ፣ ከጓደኛዋ ተጣልታ ብታለቅስ፣ ማታ ኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ ተጽፎ አገኘዋለሁ። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ እናቶች ላድርግ ብል አልችልም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያን ደብተር ሳነብ የከፈልኩት አልቆጨኝም።

ሦስተኛ ክፍል እያለች የሳይንስ ፈተና 98 አመጣች። ትምህርቱ የውኃ ዑደት ነበር። ማታ ወጥ ቤት ቆማ በእንግሊዝኛ አወረደችልኝ፤ ኢቫፖሬሽን፣ ኮንደንሴሽን፣ ፕሪሲፒቴሽን፤ ትርጉማቸውን ጭምር ከነነጥቡ። አንድ አልሳተችም። ምድጃው ላይ ሻይ እየፈላ ክዳኑ በላብ ተሸፍኗል። ክዳኑን አንሥቼ "ይህቺ ጠብታ ከየት መጣች?" ብዬ ጠየቅኋት። ክዳኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "እሱ እኛ ሳይንስ ውስጥ የለም" አለችኝ።

ከዓመት በላይ አለፈና ያን የኋላ ወንበር ልጅ መጽሐፉን በሌላ ገጽ ገልጦ ሲያነብ ሳየው ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። አንዱ በነጻ፣ አንዷ በደመወዜ ሲሶ፣ ሁለቱም በቃል የያዙትን ነው የሚወጡት። የእሱን 68 ልጅ ሸፈነብኝ፤ የእሷን 98 ሸፈነብኝ። ካርዷ ላይ ደረጃዋን እያየሁ ውስጡን አልፈተሽኩም።

ወላጆች ለእንግሊዝኛው ሲሉ እንደሚከፍሉ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አላቸው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ከታች በአማርኛ የመጣ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ፊዚክስም ታሪክም በማያውቀው ቋንቋ ይጠብቀዋል። የኔም ስጋት ይኸው ነበር። ግን ልጄ ቃሉን ያገኘችው ነገሩን ሳታገኝ ነው። ለዚህ መምህሯን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ በዚያው ዓመት ሒሳብ ያስተማሯት ሦስት ሰዎች ናቸው። ወጣቶች ናቸው፣ ትጉዎች ናቸው፣ የተሻለ ሥራ ሲያገኙ ይሄዳሉ። እኔ በማስተምርበት ግን የዛሬ ተማሪዎቿን እናቶች ያስተማረች ባልደረባ አለችኝ፤ ልጁ ገና በር ላይ ሲቆም "አንተ የእገሊት ልጅ ነህ፤ እናትህም ግራኝ ነበረች" ትለዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይወራ። አንድ ጠዋት ከሰልፍ ላይ ክፍያ ያላጠናቀቁ ልጆች ስም ተጠርቶ ወደ ቤታቸው ተላኩ። ከእነሱ አንዷ የልጄ የወንበር ጓደኛ ናት። ልጄ ያን ማታ ምግብ አልበላ አላት። "እማ፣ እኛ ከፍለናል?" አለችኝ። ከፍለናል አልኳት። በማግሥቱም ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ወር ክፍያው የሚገባበት ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ጠየቀችኝ። ጓደኛዋ ከመንፈቅ ዓመቱ በኋላ አልተመለሰችም። ትምህርት ቤቱ ደመወዝ የሚከፍለው ከዚያው ገንዘብ እንደሆነ አይጠፋኝም። የ10 ዓመት ልጅ ግን ቦታዋ በየወሩ እንደሚታደስ ኪራይ ሆኖ ሊሰማት አይገባም ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረ ጊዜ፣ ማለትም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ ያኔ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 5.4 በመቶ ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ቁጥሩ የተሰማ ቀን ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ያሰብኩት ስለ 12ኛ ክፍል መምህራን አልነበረም። እነዚያ ልጆች ሁሉ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ነበሩ፤ ስንቶቹ በሌላ ገጽ እያነበቡ እንዳለፉ ነው ያሰብኩት።

ቤት ማስተማር የሚባለውን እኛ መርጠን አልገባንበትም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ለልጄ በቴሌግራም ወርክሺት ይመጣላት ነበር፤ ለተማሪዎቼ የቀረላቸው ሬዲዮ ነው፣ እሱም ላለው። ከዚያ ደግሞ በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር፣ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። በገጠሩ ስንትና ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ቀረ። ከተማው ውስጥ እንኳ ተኩስ የሚሰማበት ቀን በር ዘግቶ መዋል ነበር። በነዚያ ቀናት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ልጄንና የጎረቤት ሁለት ልጆችን አስተምር ነበር።

በሦስት ቀን ውስጥ ስለ ልጄ ያወቅኩትን ስንት ካርድ አላሳወቀኝም። ማባዛት ላይ እጇን ጠረጴዛ ሥር ደብቃ በጣቷ እንደምትቆጥር አየሁ። ጽሑፍ ስታነብ የማታውቀው ቃል ሲደርስ ድምጿን ቀንሳ እንደምትዘለው ሰማሁ። ያኔ ልክ ነው፣ ልጅ ማስተማር ማለት ይህ ነው ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሌላ ነገር መጣ። ገና አፏን ሳትከፍት መልሱን እነግራታለሁ። ስትሳሳት ከማንም ልጅ ይልቅ በእሷ ላይ ቶሎ እበሳጫለሁ። "እማ፣ እስኪ ልሞክር ልቀቂኝ" ብላ ደብተሯን ዘጋችብኝ። ከዚያም ጓደኞቿን መናፈቅ፣ መስኮት ላይ መቆም። ልጅ ከእናቱ ዓይን ውጪ የሚሆንበት፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር ተጣልቶ የሚታረቅበት ቦታ ያስፈልገዋል።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ናት፤ ሁለት ልጆቿን ቤት ነው የምታስተምረው። እዚያ አገር በ50ውም ግዛቶች የተፈቀደ ነው። እሷ ባለችበት ግዛት በየዓመቱ በፈረንጆቹ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ቤት እንደምታስተምር ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ታሳውቃለች፤ ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ መማራቸውን በፈተና ወይም በገምጋሚ ደብዳቤ ታሳያለች። ጀርመን ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ክልክል ነው። ስልክ ላይ ስታጫውተኝ የሚያስቀናኝ ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ከቤቷ ወጥታ በየሳምንቱ ቅርጫት ሙሉ መጽሐፍ በነጻ ትዋሳለች። "አንቺ መምህርት ሆነሽ ለምን አታደርጊውም?" ትለኛለች። እኔ ቤት ብውል የ68ቱን ማን ያስተምራል? ያቺ የጉልት እናትስ? እሷ ቤት የዋለች ቀን ማታ እራት የለም።

በዚያ ጥር፣ ልጁን ባወቅኩ ሳምንት፣ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ በአያቴ ሠፈር ደብር ቅጽር አጠገብ አለፍኩ። የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ ዙሪያቸውን። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው፤ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ሁሉም የተለያየ ነገር እየጮኹ። ያን ቀን ግን ቆሜ አየሁ። አንዱ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ ላይ ነው። አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ። አንዱ ዳዊት ይደግማል። ማንም "ሦስተኛ ክፍል" አይደለም። እያንዳንዱ የያዘው ገጽ የራሱ ነው፤ ያን ሳይጨርስ አያልፍም፣ ከጨረሰ ማንንም አይጠብቅም። የኔታ ሁሉንም በአንዴ አይሰሙም፤ ዳዊት የደረሰው ወንጌል የያዘውን፣ ወንጌል የያዘው ፊደል የሚቆጥረውን ያስይዛል። እሳቸው ዘንድ ለመጨረሻው ይቀርባል። በቅኔውም፣ በአቋቋሙም ትልልቆቹ ጉባኤያት ከጥንት የቆሙት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ጎንደር እኮ በዚህ ነው ሊቅ ስታወጣ የኖረችው።

ከዚያም አንዱ ትንሽ ልጅ አቡጊዳ ጀመረ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቆሜ በደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲበራ ተሰማኝ። ሀ ሁ ሂን ማንኛውም ልጅ በዜማ ይይዘዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣዋል። አቡጊዳ ግን ፊደሉንም ድምፁንም ይበታትነዋል፤ ዜማው አያወጣውም፣ ፊደሉን ማየት ግድ ነው። በጆሮው የሚያነብ ልጅ የእኔ የመጀመሪያ ግኝት መስሎኝ ነበር። አባቶች ስንት መቶ ዓመት ቀድመው አውቀውት መድኃኒቱን ገበታው ላይ ጽፈውለት ኖሯል።

የኔታ ቤት ሁሉም መልካም ነበር አልልም። አለንጋው ነበር። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ መልክአ ማርያምን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣው ነበር፤ ወንድሞቿ የቃል ትምህርታቸውን ሲቀጽሉ ፈትል እየፈተለች ሰምታ የያዘችው ነው። ሴት ልጅ ናትና ማንም ገበታ አልሰጣትም። እስክትሞት ድረስ በጣቷ አሻራ ትፈርም ነበር። ለእሷም ተራው ሳይደርስ ቀረ።

ሰኞ ካርቶን ቀድጄ አቡጊዳን በትልልቁ ጻፍኩ። ደህና አንባቢ የሆኑትን 11 ልጆች መረጥኩና ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት፣ ለአንዳንዶቹም ስድስት ልጅ ሰጠኋቸው። በየቀኑ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ የእነሱ ሆነ። ጫጫታው ከግቢው ማዶ ይሰማል፤ ዩኒት ሊደሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠይቆኛል። እኔ በመሃል እዞራለሁ፤ በቀን ስድስት ሰባት ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ጣቴን በዘፈቀደ አንድ ቃል ላይ አድርጌ "ይህቺስ?" እላለሁ። ያን ልጅ ያስያዘችው ከእሱ በአንድ ዓመት የምታንስ የባጃጅ ሹፌር ልጅ ናት፤ እንደ የኔታ አገጯን ደግፋ ነው የምትሰማው። ሰኔ ላይ ተነሥቶ አነበበ። ከድሮው በጣም ይዘገያል፣ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እየጎተተ፣ "መ... መን... መንገድ" እያለ። ላቡ ወረደ። እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። አራት ልጆች ግን ገና አላነበቡም፤ አራተኛ ክፍል የሚገቡት እንደዚያው ነው።

ነሐሴ ላይ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኩት። "ያንቺን ክፍል አምናለሁ" አለኝ። "ግን ልጃችን የሚገባው ያንቺ ክፍል አይደለም። በእሱ ላይ ሙከራ አትሥሪበት።" ትክክለኛ ቃል ነው የተናገረው፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ያለኝ ይህ ነው፦ እዚያ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የምታስተምረውን ሴት አውቃታለሁ፤ 20 ዓመት ፊደል ስታስቆጥር የኖረች ናት። እንግሊዝኛውንና የቤት ንባቡን ማታ ማታ እኔ እይዝለታለሁ። የወላጅ ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ከፊት ተቀምጬ እጄን አወጣለሁ። ሴት ልጄ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዋን እስክትጨርስ ባለችበት ትቆያለች፤ መሃል ላይ ማፈናቀል አልፈለግንም። የሚተርፈውን ገንዘብ በየወሩ ጥቂት ጥቂቱን ለመጽሐፍ እናውለዋለን ተባባልን።

የክትባት ካርዱንና የልደት ምስክር ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ልጄን በእጄ ይዤ ወረድን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። መዝጋቢዋ በሥልጠና ላይ ታውቀኛለች። ቅጹን አየች፣ ቀና ብላ ደግሞ እኔን አየችኝ። "መምህርት፣ ይሄ የራስዎ ልጅ ነው?" አዎ አልኳት። ቆይታ "አንደኛ ለ 70 ሞልቷል እኮ" አለችኝ፤ እንድመለስ ጊዜ የምትሰጠኝ ይመስል። ይጻፍ አልኳት። ስሙን ጻፈች፣ ከፊቱም ቁጥሩን። ልጄ በጣቱ ጫፍ ቆሞ አገጩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ መዝገቡን ያያል።

"እማ፣ ይሄ የኔ ነው?"

"ያንተ ነው። ምን ይላል?"

ጣቱን ከሥሩ አደረገና ጊዜ ወስዶ፣ "ሰባ አንድ" አለ።